የፊሊስ መጣፊያ

ክሊፎርድ ሬይ አዲስ ሳጥን በሚከፍትበት ቀን ሚስቱ ኦድሪ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አጠገብ ድርሽ አትልም። መጀመሪያ የቆየ ጋዜጣ ያነጥፋል። ከዚያ የነሐስ ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ እያወጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞረ ያያቸዋል፤ ብሎኖቹን በባዶ የጃም ብልቃጦች ይከፋፍላል። በመጨረሻ የመገጣጠሚያውን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር ያነብና ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ አውርዶ ስህተት ነው ያለውን ሁሉ ያሰምርበታል። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት የጀመረው ነገር ነው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ትንንሽ የእንፋሎት ባቡሮች ገጣጥሟል። አንዳቸውም ሳጥናቸው ላይ ያለውን ሥዕል መስለው አልወጡም። የአንዷን መርገጫ ቀይሯል፣ የሌላዋን የጋዝ ምድጃ አሻሽሏል፣ የአንዷን ጣሪያ ነቅሎ ከአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ እንደገና ሠርቷል።

«ክሊፍ እኮ የሠርግ ኬክ ብትሰጡት ሞረድ ይዞ ነው የሚቀርበው» ይላል የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ጎርደን፣ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር።

አሥራ ሁለተኛው ሳጥን ግን የተለየ ነበር። ክሊፎርድ ማስታወቂያውን ያየው በአንድ የሞዴል ባቡር መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው። ኦትዌይ የሚባል በኬንዳል ያለ ትንሽ ሥራ ቤት ያወጣው ሲሆን «ፊሊስ፣ የስኬልበር ከሰል ጉድጓድ ባቡር» ይላል። ክሊፎርድ መጽሔቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ዝም አለ።

ፊሊስን ያውቃታል። ከአሥራ ሰባት ዓመቱ እስከ ሃያ ሁለት ዓመቱ እሳቷን ያነደደው እሱ ነው። አራት እግር ብቻ ያላት፣ አጭር፣ ውሃዋን ጀርባዋ ላይ እንደ ኮርቻ በተጫነ ጋን የምትሸከም፣ ከሰል የሞሉ ፉርጎዎችን ከገደሉ አናት እስከ ባሕር ወደብ የምታወርድ ባቡር ነበረች። ጉድጓዱ ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ፊሊስም ተቆራርጣ በብረት ዋጋ ተሸጣለች። የዛሬዎቹ የከተማው የዎርኪንግተን ልጆች ስሟን ሰምተው አያውቁም። ማን ነው ተነስቶ እሷን በትንሹ የሚሠራት?

«ምነው ዝም አልክ?» አለችው ኦድሪ።

«ምንም። አንድ ባቡር አየሁ።»

«አንተ ባቡር አይተህ ዝም ካልክስ ሐኪም ልጥራ።»

ሳጥኑ በመጋቢት መጨረሻ መጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሥራው ሰመረለት። የውሃ ማፍያው ቦይለር ተፈትኖና ተዘግቶ የመጣ በመሆኑ እሱን አልነካውም። የተቀረው ግን የእጁ ሥራ ነበር፤ የወለሉን ነሐስ አጠፈ፣ መንኮራኩሮቹን ገጠመ፣ ፒስተኖቹን በዘይት አለሰለሰ። የሠሪው እጅ ደስ አሰኘው። ቀዳዳ ከቀዳዳ ይገጥማል፤ ጠርዝ ከጠርዝ ይሳሳማል። እውነቱን ለመናገር ሞረዱን ያነሳው ሁለቴ ብቻ ነው።

ከዚያ የውሃው ጋን ላይ ደረሰ። በግራ ጎኑ ላይ በአራት ማዕዘን የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች አሉ። ከነሱ ጋር ቴምብር የምታክል ለብቻዋ የተቆረጠች ስስ ነሐስ። መመሪያው «መጣፊያውን በነጥቦቹ ላይ በቀለጠ እርሳስ ይበይዱ» ይላል።

«መጣፊያ?» አለ ክሊፎርድ ጮክ ብሎ።

«ምን አልክ?» አለች ኦድሪ ከሳሎን።

«ፊሊስ መጣፊያ አልነበራትም!»

«ኧረ ጉድ! ፖሊስ ይጠራ?»

እዚያው ተቀምጦ ደብዳቤ ጻፈ። «ውድ አቶ ኦትዌይ» ብሎ ጀመረ። የፊሊስ የፉጨት ቧንቧ የነበረው መሐል ላይ ሳይሆን ወደ ቀኝ ተጠግቶ ነው። መርገጫዋ ሦስት ደረጃ እንጂ ሁለት አልነበረም። የጭስ ማውጫዋ ከንፈር ቀጠን ይላል። መጣፊያ የሚባል ነገር ደግሞ ጨርሶ አልነበራትም። ይህን ሁሉ እንዴት እንዳወቀ አልጻፈም። ስለ ስኬልበር ማውራት ድሮም አይወድም፤ ማኅበሩ ውስጥ እንኳን የሚያውቁት ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ እንደነዳ ብቻ ነው።

መልሱ በሳምንቱ መጣ፤ አጭር ነበር። «ስለ ፉጨቱና ስለ መርገጫው አመሰግናለሁ፤ በሚቀጥለው ሥራ ይታረማል። የጭስ ማውጫውን እንደገና እለካዋለሁ። መጣፊያው ግን ይቆያል። ፎቶግራፍ አለኝ። ሄ. ኦትዌይ።»

ክሊፎርድ ደሙ ፈላ። ፎቶግራፉ የሌላ ባቡር መሆን አለበት ብሎ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈ፤ ይህኛው እንደ መጀመሪያው ጨዋ አልነበረም። ፖስታውን ልኮ ሲመለስ ጋኑን ሞርሳው ላይ አሰረና ነጥቦቹን አንድ ሳያስቀር በሞረድ አጠፋቸው። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ጎኑ ልሙጥ ሆነ፤ እሱ እንደሚያውቃት ፊሊስ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ስልክ ተደወለ።

«አቶ ሬይ ነዎት? ሄዘል ኦትዌይ ነኝ። የፊሊሷ።»

የሴት ድምፅ ነው። ክሊፎርድ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «አቶ ኦትዌይ የርስዎ ባለቤት ናቸው?»

«አቶ ኦትዌይ ስፔን ውስጥ ከሌላ ሴት ጋር ነው፤ መዶሻና ሚስማር አይለይም። ባቡሮቹን የምሠራው እኔ ነኝ።» ሳቀች። «ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ፎቶውን በፖስታ አልክም፤ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ግን መጥተው ቢያዩት ደስ ይለኛል። ስለ ፉጨቱ ትክክል ነዎት፤ እንዲህ የሚያውቃት ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።»

ማክሰኞ ዕለት መኪናውን አስነስቶ የሐይቆቹን አገር አቋርጦ ኬንዳል ገባ። ሥራ ቤቱ ከቤቷ ጀርባ ያለ ጋራዥ ነው። ሄዘል ኦትዌይ ከሃምሳ ያልዘለለች፣ አጠር ያለች ሴት ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ጠረጴዛው ላይ ትፈልገዋለች። ጠረጴዛዋ ላይ ያሉት ሞረዶች በቁመት ተደርድረዋል። ክሊፎርድ ገና እንደገባ በሰውዬው ላይ የያዘው ቂም ጠፋ፤ ሰውዬ ስላልነበረም ጭምር።

ፎቶውን ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችው። ፊሊስ ከማደሪያዋ ፊት ቆማለች። ራሷ ናት፤ የፊት መብራቷ ጎበጥ ማለቱን እንኳን ያውቀዋል። በግራ ጎኗ ላይ አራት ማዕዘን መጣፊያ፣ ዙሪያውን በሚስማር ራስ የተመታ፣ ገና ቀለም ያልተቀባ። ገለበጠው። ከጀርባው «ኦክቶበር 1961» ይላል።

«በነሐሴ ወር አደጋ ደረሰባት» አለች ሄዘል። «የተጫኑ ፉርጎዎች ቁልቁለቱ ላይ ፍሬናቸው ሳይያዝ ቀርቶ ከኋላ ገፏት። ታች ካለው ግድግዳ ጋር ተላተመች። ጋኗ ተቀደደ። የነጂው እግር ከብረቱ መሐል ገባ። በኋላ እንዲህ ጥፈው መለሷት።»

ክሊፎርድ ፎቶውን ያዘው እንጂ አላየውም።

«ነጂው አባቴ ነበር» አለች። «ዊልፍ ክራግ። ለዚህ ነው እሷን የሠራኋት። ገበያ ያለው ባቡር አይደለም፤ ዘጠኝ ሳጥን ነው የሸጥኩት። አንዱ የርስዎ ነው።»

ዊልፍ ክራግ። አርባ ምናምን ዓመት ይህን ስም ጮክ ብሎ ሲጠራ አልሰማም ነበር።

«ስኬልበር ሠርተዋል እንዴ?» ስትል ጠየቀችው።

«በዚያ አካባቢ... ነበርኩ።»

«እንግዲያው ምናልባት ያውቁት ይሆናል። ከአባቴ ጋር እሳት የሚያነድ ልጅ ነበር፤ ድምቢጥ እያለ ነበር የሚጠራው። እውነተኛ ስሙን እናቴም አታስታውሰውም ነበር። አደጋው ቀን እሱ አልነበረም፤ ሌላ ሽማግሌ ነው የተተካው።»

ክሊፎርድ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «በዓይን አውቀዋለሁ» አለ።

«በሕይወት አለ?»

«እንጃ። እንጃ፣ ወይዘሮ ኦትዌይ።»

ሻይ አልጠጣም። መንገዱ እንዳይጨናነቅበት እንደሚፈራ ነግሯት ወጣ፤ ሰዓቱ ግን ገና ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ሳምንት ባቡሯን አልነካም። ነሐሶቹ ጋዜጣው ላይ እንደተበተኑ ቀሩ። ኦድሪ መጀመሪያ ታገሰች። ከዚያ በጠረጴዛው ጥግ ላይ መብላት ሰለቻት። አንድ ቀን የስጋ ፓዩን ፊቱ አስቀምጣ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«ወይ ጨርሳት፣ ወይ ወደ ሳጥኗ መልሳት፣ ወይ የሆነውን ንገረኝ። ከሦስቱ አንዱን።»

ነገራት። ስለ ፎቶው፣ ስለ ሴትየዋ፣ ስለ ዊልፍ።

«ዊልፍን ስታነሳ ሰምቼህ አላውቅም» አለች። «አንተ ያን ቀን ዕረፍት አልነበርክ እንዴ? ሲሎት ሄደን የለ? ባሕሩ ዳር። ያን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሼ።»

«ዕረፍት አልነበርኩም። ሳምባዬን አሞኛል ብዬ መልእክት ላኩባቸው።»

ኦድሪ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ቁልቁለቱን ከመውረዳችን በፊት በፉርጎዎቹ ጎን እየሄደ የየአንዳንዱን ፍሬን በዱላ የሚይዘው እሳት አንዳጁ ነው» አለ። «የኔ ሥራ ነበር። በኔ ቦታ ያስገቡት ሽማግሌ ጉልበቱ አይታዘዝለትም፤ ግማሹን ይዞ ግማሹን ተወው። ማታ ከሲሎት ስንመለስ ነው የሰማሁት። በማግስቱ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ደግሞ ሌላ ቀን ሄድኩ። ደግሞ ተመለስኩ። ምን ልበለው? ‹የአንተ እግር ሲጨፈለቅ እኔ ከሴት ጋር አይስክሬም እበላ ነበር› ልበለው? ከዚያ አውቶቡስ ጋራዥ ገባሁ፤ አበቃ።»

«ለዚህ ነው ዕድሜ ልክህን ሲሎት አልሄድም የምትለው?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«እኔ ደግሞ ነፋሱ አይስማማውም እያልኩ ለሰው ሳወራ» አለች። ዓይኗ ቀላ፤ ድምፅዋ ግን ጠንካራ ነበር። «ክሊፍ፣ ሃያ ሁለት ዓመትህ ነበር። የፈራ ልጅ ነበርክ፤ ያን ይቅር እልሃለሁ። አሁን ግን ስድሳ አራት ነህ። ያቺ ሴት ዓይን ዓይንህን እያየች ጠይቃህ ‹እንጃ› ነው ያልካት?»

«አዎ።»

«ያንን አስተካክል። በደብዳቤ አይደለም ታዲያ። ደብዳቤ ላይ ጀግና ነህ።»

በማግስቱ ሄደ። በሞረድ ያለሰለሰውን ጋን በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፤ ለምን እንደያዘው ራሱም አላወቀም። ሄዘል በሩን ከፍታ ስታየው ደስ አላት። «የጭስ ማውጫውን ለካሁት! እውነትዎን ነው፣ ቀጠን...»

«ድምቢጥ እኔ ነኝ» አለ።

ገና ደጃፉ ላይ ቆሟል። እንዳታቋርጠው ፈርቶ ሁሉንም እዚያው ቆሞ ተናገረው። የውሸት ሕመሙን፣ ሲሎትን፣ ፍሬኑን፣ የሆስፒታሉን በር። ሄዘል አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ወደ ውስጥ ገባችና ጠረጴዛዋ ላይ የነበረ አንድ ቁራጭ ነሐስ አንስታ መሞረድ ጀመረች። ክሊፎርድ ተከትሏት ገብቶ ቆመ።

«አባቴ ሁለት ዓመት መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ» አለች፣ ከነሐሱ ቀና ሳትል። «እግሩ አልዳነም፤ በመጨረሻም እሱ ነው የወሰደው። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ‹ድምቢጥ ነው› ይል ነበር። ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ ሞተ፤ ከሱ ከማስታውሰው ጥቂት ነገር አንዱ ይሄ ነው። ‹ድምቢጥ ነው፣ ክፈቱለት።› የወተት ሰውዬው ይሆናል። ጎረቤት ትሆናለች።»

ክሊፎርድ ኪሱ ውስጥ ያለውን ጋን ከነጨርቁ ጨበጠው።

«እሱ የሚያውቀው አሞህ እንደነበር ነው። እንደ ሰው መጥቶ ያላየኝ ሕመሙ ቢጠናበት ነው ይላል። እናቴን ‹ለዚያ ልጅ ሾርባ ላኪለት፣ እናት የለውም› ይላት ነበር። የት እንደምትኖር ስላላወቀች አልላከችም። ስላልላከች ተጣሉ።» ሞረዱን ወረወረችው፤ ወለሉ ላይ ጮኸ። «እግሩን ትቶ ለአንተ ሳምባ ይጨነቅ ነበር! አንተ ደግሞ ባሕር ዳር!»

እርስዎ ማለቷን መተዋን ሁለቱም አላስተዋሉም።

«እባክህ ውጣልኝ» አለች። «ለጊዜው ውጣልኝ።»

ወጥቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ቁልፉን አስገባ፤ ግን አላዞረውም። ሁለት ጊዜ ከሆስፒታል በር መመለሱን አስታወሰ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሄድ በራሱ እግር እንዳይሆን ወሰነ፤ ሂድ ካለችው ይሄዳል፣ እስከዚያ እዚሁ ነው። ዝናብ መጣና መስታወቱን አለበሰው። ሰዓቱን አላየም። አንድ ጊዜ መጋረጃው ሲነቃነቅ አየ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ መስኮቱ ተንኳኳ። ሄዘል ኮቷን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ሁለት ኩባያ ይዛለች። በሌላው በር ገብታ ጎኑ ተቀመጠች፤ አንዱን ኩባያ ሰጠችው። ዓይኗ አብጧል።

«ስኳር አላደረግኩበትም» አለች። «አይገባህም።»

«እውነት ነው።»

ጠጡ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል።

«ቆሞ አላስታውሰውም» አለች በመጨረሻ። «አባቴን። ወንበሩ ላይ ሆኖ ነው የማስታውሰው። ባቡሯን የሠራኋት ቆሞ ያለበትን ቦታ ለማወቅ ይመስለኛል። ግን ብረቱን ብቻ ነው የሠራሁት፤ እሱ ውስጡ የለም። አንተ አምስት ዓመት አጠገቡ ቆመሃል። ንገረኝ።»

«ምን ልንገርሽ?»

«እኔ ምን አውቄ። ሁሉንም።»

ክሊፎርድ ኩባያውን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ከዚያ አንድ ነገር አገኘ፤ እሱ ሌላውን ጎተተው። ዊልፍ አጭር ስለነበር በፊት መስኮቱ ለማየት የሚቆምባት ጉማጅ እንጨት ነበረችው፤ ማንም እንዳይነካት ዊ እና ክ የሚሉ ፊደላት ቀርጾባታል። መዝሙር ይዘምራል፤ ግን ከመጀመሪያው ስንኝ አልፎ አያውቅም፣ ስለማያስታውሰው አርባ ጊዜ ይደጋግመዋል። የከሰሉን አካፋ በፈላ ውሃ አጥቦ እሳቱ አፍ ላይ ያደርግና እንቁላልና ቤከን ይጠብስበታል። ጥብሱን ለሁለት ሲከፍል ትልቁን ለእሱ ለድምቢጥ ይሰጠዋል፤ «አንተ ታድጋለህ፣ እኔ ይሄው ነኝ» ይለዋል። የሻይ ጣሳው በስተቀኝ ከመስኮቱ በታች ካለች የሽቦ መንጠቆ ላይ ትንጠለጠላለች። ባቡሯ ተዳፋቱን ስትወጣ እንደ ፈረስ አንገቷን መታ መታ ያደርጋታል። አንድ ቀን ደግሞ አንዲት ትንሽ ልጅ በኮቱ ሸሽጎ አምጥቶ...

«እኔን?» አለች ሄዘል።

«ሦስት ዓመት ቢሆንሽ ነው። የፉጨቷን ገመድ አስጎተተሽ። ደንግጠሽ አለቀስሽ። እሱም ደነገጠ። ለእናትሽ እንዳትናገሪ ብሎ ካራሜላ ገዛልሽ።»

ሄዘል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ክሊፎርድ ኩባያውን እንደያዘ ጠበቀ። ወደ እሱ ስትዞር ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ከኪሷ እርሳስና ወረቀት አወጣች።

«ጉማጁ ቁመቱ ስንት ነበር?»

«አንድ ስንዝር ከሦስት ጣት።»

«የማን ስንዝር? በደንብ አሳየኝ እንጂ። መንጠቆው ከመስኮቱ ስንት ይርቃል?»

ወደ ሥራ ቤቱ ተመልሰው ገቡ። ክሊፎርድ ጋኑን ከጨርቁ ፈትቶ አሳያት፤ ሞረድ የላሰውን ጎን። አየችው፣ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። «አቤት፣ የተላጠ እንቁላል አስመሰልካት» አለች። አዲስ ጋን ልስጥህ አላለችም፤ እሱም አልጠየቀም። የፎቶውን ግልባጭ ብቻ ሰጠችው።

መጣፊያውን ቤቱ ውስጥ ራሱ ሠራው። ቴምብር የምታክል ነሐስ ቆርጦ ከጀርባዋ በመርፌ ሠላሳ ስድስት ነጥብ መታ፤ በማጉያ መነጽር ከፎቶው እየቆጠረ። ሦስቱን አበላሽቶ ጣለ፤ አራተኛዋ ወጣችለት። እርሳሱ ቀልጦ በጠርዟ ሲሮጥ ትንፋሹን ይዞ አየው። ከዚያ ከአሮጌ የክሪኬት ዱላ ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጉማጅ ቆርጦ ነጂው በሚቆምበት ቦታ አጣበቃት። ለፊደላቱ መርፌውን ሲስል ዋለ። ከሽቦ መንጠቆ፣ ከቆርቆሮ ደግሞ የሻይ ጣሳ ሠራ።

በሰኔ ሁለተኛው እሑድ ማኅበሩ ሜዳው ላይ ሀዲዱን ዘርግቶ ባቡር የሚያስነዳበት ቀን ነበር። ሄዘል ከኬንዳል መጣች። ኦድሪ ገና ከመኪናዋ ስትወርድ ሄዳ እጇን ያዘቻት። ኦድሪ «ሲሎት አረንጓዴ ቀሚስ ለብሼ አብሬው የነበርኩት እኔ ነኝ» አለች። «እኔም አላወቅኩም ነበር፤ ግን እኔ ነበርኩ።» ሄዘል እጇን አልለቀቀችም። ኦድሪ የዝንጅብል ኬክ ቆርሳ አጎረሰቻት ማለት ይቻላል።

ጎርደን እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ፊሊስን መረመራት። ክሊፎርድ በዚያ ሳምንት የስኬልበርን ታሪክ ለማኅበሩ ሰዎች ነግሯቸዋል፤ ጎርደንም አንድ ነገር አላመለጠውም።

«ክሊፍ፣ ይህ ነገር አይሄድም» አለ። «መጣፊያው የመጣው ከአደጋው በኋላ ነው አላልክም? ጉማጇ ደግሞ የክራግ ናት፤ ከአደጋው በኋላ ሌላ ነጂ ነው የነዳት። ሁለቱ ባንድ ቀን አብረው አልነበሩም።»

«አልነበሩም» አለ ክሊፎርድ።

«ታዲያ ስህተት ነዋ!»

«ስህተት ነው።»

ጎርደን ጤና እንዳጣ ሰው አየው። «እና አታስተካክለውም?»

«አላስተካክለውም።»

ጎርደን ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ሄዘልን አየና ባርኔጣውን አስተካክሎ ወደ ሀዲዱ ሄደ።

ውሃ ሞሉ፣ ዘይት ጨመሩ፣ ጋዙን ለኮሱ። እሳቱ ፈር ፈር አለና ጠፋ። ክሊፎርድ ደግሞ ለኮሰ፤ ደግሞ ጠፋ። ላቡ መጣ። ሄዘል ትዕግሥቷ አልቆ በክርኗ ገፋ አድርጋው ተንበረከከች።

«ተው እስቲ። የጋዟ አፍንጫ ነው። ይህን አልቀየርከውም መቼም?»

«ትንሽ... አሰፋሁት።»

«በመድኃኔዓለም! ይህንንም?»

ከቦርሳዋ ደህናውን አፍንጫ አውጥታ በፒንሳ ቀየረችው። እሳቱ ያዘ፤ እንደ ድመት ማንኮራፋት ጀመረ። ከስምንት ደቂቃ በኋላ የግፊቱ መርፌ ተነሳ። ሄዘል ክሊፎርድን አየችው፤ እሱ እጁን ከኋላው አጣምሮ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄደ። በሁለት ጣቷ ቫልቩን ቀስ አድርጋ ከፈተችው። ፊሊስ ትኩስ ውሃ ተፋች፣ ተንገዳገደች፣ ሄደች። ሦስት የከሰል ፉርጎ ይዛ፣ ነጭ ጭሷን ከባሕሩ በሚመጣው ነፋስ እየበተነች መታጠፊያውን ዞረች። ሄዘል ከጎኗ ጎንበስ ብላ ትራመዳለች፤ ዓይኗን ከነጂው ቦታ አልነቀለችም።

«ድምፅዋ እንዲህ ነበር?» አለችው ሦስተኛው ዙር ላይ።

«አይደለም» አለ ክሊፎርድ። ሊያስደስታት ብሎ መዋሸት አልፈለገም። «የእውነተኛዋ ወፍራም ነበር፤ ደረት ላይ ነው የሚሰማሽ። ይህቺ ታስነጥሳለች።»

«ደረት ላይ» ብላ ደገመችው። ከዚያ አራት ዙር አብራት ሄደች።

ውሃዋ ሲያልቅ ጋዙን ዘጉና ሳሩ ላይ እንድትቀዘቅዝ ተዋት። ሄዘል ኬኳን እየበላች በሚቀጥለው ዓመት ልትሠራ ስላሰበችው ባቡር አወራችው፤ አናቷ ላይ የብረት ማንሻ ክንድ ያላት የመርከብ ግቢ ባቡር ናት። የቆረጠቻቸውን ክፍሎች የሚፈትንላት ሰው ያስፈልጋታል። ባቡሯ ለገበያ ከመቅረቧ በፊት የሚገጣጥማትና ስህተቱን የሚነግራት።

«ሐሙስ ሐሙስ ይመችሃል?» አለች።

«ይመቸኛል። ግን በዚያች ባቡር ላይ ሠርቼ አላውቅም።»

«እሰየው፣ ከኔ ጋር አትከራከርማ።»

ሥዕሉን ከቦርሳዋ አውጥታ ጭኑ ላይ ዘረጋችለት። ክሊፎርድ መነጽሩን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ ጣቱን የማንሻው ክንድ ሥር ላይ አሳረፈ።

«ይህቺ ብሎን» አለ፣ «አትበቃም።»